ሙሽራው ጋሽ ይመር

ጋሽ ይመር የሞቱ ዕለት ወሬው መናኸሪያ የደረሰው «ሙሽራው ሞተ» ተብሎ ነው። ከከላላ መጥታ ገና ከመኪና የወረደች አንዲት ሴት ይህን ስትሰማ ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ዓለሙን ያላየ ልጅ!» እያለች አለቀሰች። የማን ልጅ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ሟቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ የከብት ደላላ መሆናቸውን ነገሯት። ሴትዮዋ እንባዋን በሻሿ ጠረገችና «ታዲያ ሙሽራ የምትሉት ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ተቆጣች። ነገሩ መንገድ ላይ ቆመው የሚጨርሱት አልነበረም።

እኔ ግን ልጽፈው ተነስቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የተማርኩት ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። የማውቀውን ሁሉ በድካም ስላገኘሁት ሰው ሲያጠፋ አይቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ልጆቼም ደንበኞቼም ይህን ያውቃሉ። ጋሽ ይመር «ቃዲው» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ዳኛው ማለታቸው ነው። ለምስጋና እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ጎረቤቴ ነበሩ። ገበያ በሌለ ቀን ሱቄ በረንዳ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይውላሉ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ዓረብ አገር ናቸው። ሥራቸው ድለላ ነበር፤ ድለላን ሥራ ብዬ ለመጥራት እስከ ዛሬ አፌ እሺ ባይለኝም። ስለ አንድ ደረቅ በሬ ሲያወሩ የሰማ ሰው የንጉሥ በሬ ይመስለዋል። አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው፤ ሌሎቹ ደላሎች በአፋቸው ሙሉ «ወላሂ» ሲሉ እሳቸው አንድም ቀን ሲምሉ አልሰማሁም። «አላህን ከብት ተራ አልጎትትም» ይሉ ነበር። ውሸቱን ብቻቸውን ይሸከሙታል።

እኔንም አንድ ጊዜ ከወግዲ የመጣች በቅሎ አስገዝተውኛል። ስለ ጆሮዋ ማውራት ጀመሩ። ጆሮዋ እንዴት እንደሚቆም፣ ከሩቅ ጅብ እንዴት እንደሚሰማ፣ እናቷም እንዲህ ዓይነት ጆሮ እንደነበራት። እኔ ጠንቃቃ ነኝ የምል ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ቀና ብዬ የመረመርኩት ጆሮዋን ነው። በማግስቱ የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ስንደርስ በቅሎዋ እኔን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ጋደም አለች። ልማዷ ነው። ልብሴ ሳይደርቅ ሄጄ ጮኽኩባቸው።

«ስለ ጆሮዋ የነገርኩህ ውሸት ሆኖ አገኘኸው?» አሉኝ።

አልሆነም። ጆሮዋ አሁንም ያማረ ነው።

«የገዢ ዓይን አንድ ቦታ ካረፈ ሌላ ቦታ አይሄድም» አሉኝ፣ ሙያቸውን በነጻ እንደሚያስተምሩኝ ሁሉ። እኔም ስለ ሐቀኝነት የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ በትዕግስት አዳመጡኝና «ቃዲ፣ ሻይ ጠጣ፤ ጉሮሮህ ደርቋል» አሉ።

ወደ ልጄ ልምጣ። ሀያት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ጀማል የሚባል፣ ሪያድ ሠርቶ ተመልሶ እዚሁ መካነ ሰላም ስልክ የሚጠግን ዝምተኛ ልጅ አገባት። ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። አማቷ ደስታዋን መያዝ አቅቷት በገበያ ቀን ለበርበሬ ሻጯም ለጨው ሻጯም ለማያውቋትም ሁሉ ተናገረች። የሀያት ሆድ ገፋ ሳይል ጨነገፈባት።

የተወለደ ሰው ሲሞት ለቅሶ አለ፤ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሐዘኑን አድርሶ ይሄዳል። ላልተወለደ ግን እንዲህ ያለ ወግ የለንም። አገሩ ሐዘኑን የሚያደርስበት ቦታ ሲያጣ ጊዜ በጥያቄ አደረሰው። ሴቶቹ ሀያትን ሲያገኟት ሰላምታ የሚሰጡት ለሆዷ ነበር።

«ሀያት፣ ደህና ነሽ? ኸይር ወሬ አለ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱን አይደለም ያልኩሽ።»

አንዷ አብሽ አፍልተሽ ጠጪ ትላታለች። ሌላዋ ሰው ተሰብስቦ በሚጸልይበት ወዳጃ ላይ ለዱዓ ስሟን አስጠርታ ትመለስና እንዳስጠራች ለመንደሩ ትናገራለች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን አስካለ በጀሪካን ጠበል ይዛላት መጣች። ሁሉም ከልባቸው ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ወጥቼ እመልሰው ነበር፤ ደግነት በምን ይመለሳል? ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «ሰውነትሽ ምንም አልሆነም፤ ይህ በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነው። አገግሚና እንደገና ትሞክራላችሁ። ብቻ አትጨነቂ» ብላት ነበር። ይህም ወሬ ሆኖ ወጣና ያገኛት ሁሉ «አትጨነቂ ተብለሽ የለ? ታዲያ ለምን ትጨነቂያለሽ?» ይላት ጀመር።

እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ። ስለ ትዕግስት መከርኳት፤ ምክሬ ረዘም ያለ ነበር። በየወሩ የሚሆነውን እናቷ ነበረች የምታውቀው። ባለቤቴ ፋጡማ ከልጇ ቤት ስትመለስ፣ ነጠላዋን አወራረዷን ብቻ አይቼ በዚህም ወር እንዳልሆነ እረዳለሁ። እያደር ሀያት ገበያ መውጣት ተወች። ውሃ እንኳ ቧንቧው ሰው ሳይበዛበት በጠዋት ሄዳ ትቀዳለች።

አንድ ቀን ሱቄ መጣችና ቆማ፣ «አባ፣ ፓስፖርት ላወጣ ነው» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«የአክስቴ ልጅ ሪያድ የምሠራበት ቤት አግኝታልኛለች።»

«ባል ያለሽ ሴት! ልጅ የምትፈልጊ ሴት!»

«ልጅማ እፈልጋለሁ» አለች። «እዚህ ግን አልቻልኩም። እዚያ ሆዴን የሚያይ የለም።»

ጋሽ ይመር አግዳሚው ላይ ሆነው በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ይቆረቁሩ ነበር። ቀና አላሉም። እኔ ተነስቼ ስለ ትዳር አደራ፣ ሰው አገር ሄደው ስለቀሩ ሴቶች፣ ባልና ሚስት ተለያይተው ልጅ ከየት እንደሚመጣ ተናገርኩ። መቀሴን እንደያዝኩ ነበር የተናገርኩት። ሀያት አንገቷን ደፍታ ሰምታ ወጣች።

«ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ቃዲ» አሉ ጋሽ ይመር። «ልጅቱ ግን ትሄዳለች።»

በተከታዩ የገበያ ቀን ጢማቸውን በሂና አቅልተው ብቅ አሉ። ከርቀት ሲታዩ አገጫቸው ላይ እሳት የተያያዘ ይመስል ነበር። በረንዳው ሰው እስኪሞላው ጠብቀው እጃቸውን ዘረጉና፣ «ለካኝ! ሸሚዝ እፈልጋለሁ፤ ወጣቶቹ የሚለብሱት ዓይነት» አሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ላገባ ነው።»

በርበሬ የምትሸጠው ሴት መስፈሪያዋን እንደያዘች ቀረች። «ማንን ነው የሚያገቡት?»

«እሷን ገና እየፈለግኩ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ገበያው የእሳቸው ሆነ። የት ቢሄዱ ሰው ይከባቸዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ምን ዓይነት ሴት ነው የሚፈልጉት?»

«የማታንኮራፋ።»

«ሳያገቧት በምን ያውቃሉ?»

«ጎረቤቷን እጠይቃለኋ።»

«ዕድሜዋስ?»

«ዕድሜዋን የምታውቅ አልፈልግም። ትቆጥርብኛለች።»

«ልጅስ ይወልዳሉ?»

«ልጅ ሞልቶኛል። የሚደውል ነው ያጣሁት።»

ሰው ይስቃል። የሀያት አማት ሳትቀር፣ ከሳቋ የተነሳ ወገቧን ይዛ ለጎረቤቶቿ ስትተርክ ሰምቻለሁ። እኔ አልሳቅኩም። ሽበት ክብር ነው፤ በአደባባይ የሚያዋርደው ሰው ያናድደኛል። አንድ ቀን ሰው ፊት እንዲህ አልኳቸው፦ «አላህን ይፍሩ! ማግባት ከፈለጉ ሱና ነው፤ ሽማግሌ ልከው፣ ኒካህ አስረው ያግቡ። ካልፈለጉ ደግሞ ይሄን ጢም ይታጠቡት!»

«እውነትህን ነው፣ ቃዲ» አሉ ወዲያው። «ሽማግሌ ሁነኝ።»

«እኔ?»

«ካንተ የሚበልጥ ሐቀኛ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ በገዛ አንደበቴ ተይዣለሁ። የመረጧት ሴት ሉባባ ሆነች። ሉባባ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች መበለት ናት። ምላሷን ሹፌሮች ሳይቀሩ ይፈሩታል። ከዚህ ቀደም ሽማግሌ የላኩባትን ወንዶች ሁሉ ተሳፋሪ ፊት አሳፍራ ነው የመለሰችው። ለምን እሷን እንደመረጡ ስጠይቃቸው «ከሞከርኩ አይቀር» አሉኝ።

ንጹሕ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ ሄድኩ። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ሉባባ ብርጭቆ እያጠበች፣ ግቡም ተቀመጡም ሳትል ደጃፏ ላይ አቆመችን። ተሳፋሪው፣ ረዳቱ፣ ሊስትሮው ሁሉ ተሰበሰበ። ስለ ጋብቻ ጥቅም የተናገርኩትን ከዳር እስከ ዳር ሰማችኝ።

«ሰውዬው ጥርስ አላቸው?» አለች።

«የጎኖቹ አሉ» አልኳት። እውነት ስለሆነ ነው።

ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። ሉባባ እጇን በሽርጧ አድርቃ ሕዝቡን ዞራ አየችና፣ «በሏቸው፤ እሺ ብያለሁ» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሰማው ነገር ልክ መሆኑን ሊያረጋግጥ ወደ እኔ ዞረ። ሉባባ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች።

ጋሽ ይመር በረንዳዬ ላይ ይጠብቁን ነበር። «እንዴት አድርጋ አባረረቻችሁ?» አሉ ፈገግ ብለው።

«እሺ ብላለች።»

ፈገግታቸው እዚያው ደረቀ። «እሺ?»

«እሺ።»

«ያለ ምንም ነገር?»

«ስለ ጥርስዎ ብቻ ጠየቀች።»

ከዘራቸውን ሲፈልጉ በእጃቸው ይዘውት ነበር። እኔ ደስታው ያስደነገጣቸው መስሎኝ «ማብሩክ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለከተማው ሠርግ ነበር፤ ሠርጉ ብቻ ነው የጠፋው። ጋሽ ይመር መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ክረምቱ ሲወጣ የቤታቸው ቆርቆሮ ይቀየር አሉ። ቀጥሎ ከላላ ያለችው እህታቸው ሳትመጣ ኒካህ አይታሰርም አሉ፤ እህትየዋ ደግሞ እግሯን ታማለች፣ በቅሎም አትወጣም። ሉባባም ዝም አትልም። ገበያ መሃል ታገኛቸውና «አንቱ ሙሽራ! ጢምዎ ነጥቷል እኮ። ያለቀው ሂናው ነው ፍቅሩ?» ትላቸዋለች። እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሷ ትጨምራለች። ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አታለዋታል አለ፣ ግማሹ አምልጠዋታል አለ። በየሻይ ቤቱ፣ በየቧንቧው፣ በየለቅሶው ሳይቀር የሚወራው እሱ ነው። «ሙሽራው» የሚለው ስም ያኔ ወጣላቸው።

እኔ ተናደድኩ፤ ሽማግሌ የሆንኩበት ነገር እንዲህ ሲጎተት ስሜ አብሮ ይጎተታል። አንድ ነገር ግን አጽናናኝ። ሀያት ስለ ፓስፖርት ማንሳት ተወች። ገበያ መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች አስቁመዋት አየሁና ላስጥላት ጠጋ ስል «ጎረቤታችሁ ናቸው፤ እስቲ እውነቱን ንገሪን፣ ያገቧታል አያገቧትም?» ይሏታል። ሀያት ስትስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማኋት። ያን ዕለት ስለ ትዳር የተናገርኩት ንግግር ሠራ ብዬ አላህን አመሰገንኩ። እንዲያውም ፋጡማን «አየሽ? ልጅ በጊዜው ሲመከር ይሰማል» ብያታለሁ። ፋጡማ ድስቷን ልታማስል ገባች።

አንድ ቀን ፋጡማ ጨርቅ ይዛ መጣች። «ለሀያት ቀሚስ ስፋላት። ከወገቡ ሰፋ አድርገው።»

«ልኳን አውቃለሁ። ጨርቅ ለምን እናባክናለን?»

«ሁሴን፣ ሰፋ አድርገው አልኩህ። ልጅህ ልትወልድ ጥቂት ወር ነው የቀራት።»

ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር። የሰው ወገብ ስለካ የምውል ሰው ነኝ፤ የልጄን ወገብ አላየሁም። እኔም እንደ ከተማው ሁሉ የማየው ቀይ ጢም ነበር።

«ለምን ሳትነግሩኝ?» አልኳት።

«አንተ መደበቅ አትችልም። ሰው ሳይጠይቅህ ፊትህ ይመልስለታል። ጋሽ ይመርም ለሁሴን አይነገረው ብለዋል።»

«እሳቸው በምን ያውቃሉ?»

እንግዲህ ያኔ ነው ሁሉንም የነገረችኝ። ፓስፖርት ላወጣ ነው ባለችኝ ዕለት ጋሽ ይመር ሀያትን ተከትለው ሄደው፣ «ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ፤ የሰዉን ዓይን ሁሉ እኔ እወስድልሻለሁ» ብለዋታል። እኔ ያኔ በራሴ ንግግር ረክቼ እጅጌ እተኩስ ነበር።

ሄድኩባቸው። ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሰው አታለሉ» አልኳቸው።

«ማንን? ላገባ ነው አልኩ። ማሰቡን አስቤ ነበር።»

«አገር ሁሉ ሲስቅብዎት?»

«እኔን ቢያዩኝ ምን ይጎድልብኛል? እሷን ሲያዩአት ነው የሚጎድለው።»

ላመሰግናቸውም ልገሥጻቸውም ፈለግኩ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚናገሩት ስላላወቅኩ የወጣት ሸሚዛቸውን ኮሌታ አየሁት፤ ተተርትሯል። አስወልቄ ወስጄ ሰፋሁላቸው። ሳመጣላቸው ግን ማለት ያለብኝን አልኩ።

«ሉባባስ? እሷ ሰው አይደለችም?»

ከዘራቸውን አሽከረከሩ። «እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው የመረጥኳት። ምላሷን አምኜ።»

«እሺ ካለች ያግቧት።»

«ዛሬ ባገባት ነገ ወሬው ያልቃል። ወሬው ሲያልቅ ያ ሁሉ ዓይን ወዴት ነው የሚሄደው? ልጅህ ትገላገል።»

ክርክሩን ማሸነፍ አልቻልኩም፤ ትክክል ነው ብዬም አላመንኩም። ዛሬም አላምንም። ለአንዷ ሴት ልጅ ሰላም ሲባል ሌላዋ ሴት መሳቂያ ሆናለች፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እውነቱን ጎዶሎ አደርገዋለሁ።

ሀያት ሴት ልጅ ወለደች። መንደሩ እልል ሲል ቆይቶ «መች ነው ያረገዘችው?» ብሎ እርስ በርሱ ተጠያየቀ። አማትየዋም ጭምር፤ ለእሷም የተነገራት መጨረሻው ላይ ነው። ጋሽ ይመር መጥተው ሕፃኗን አቀፉና ስለ ጆሮዋ ብዙ አወሩ። ከዚያ ወጥተው ቀጥ ብለው ሻይ ቤት ሄዱ። ከሉባባ ጋር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። እህትየዋም ከላላ ላይ እግሯን ተሽሏታል ተባለ። የደነቀኝ፣ አሁን ማንም እንዲያያቸው በማያስፈልግበት ጊዜ ጢማቸውን እንደገና ሂና ቀቡ።

የዚያን ሰሞን ብርዱ ከባድ ነበር። ደረታቸውን ያዛቸው፤ ብዙም አላስተኛቸውም። ኒካሁ ሳይደርስ ሞቱ።

ለቅሶው ቤት ሉባባ ከሴቶቹ መሃል ጥቁር ሻሽ አስራ መሬት ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ አንሾካሾኩ፤ ዘመድ አይደለች፣ ሚስት አይደለች፣ ምን ብለው ያጽናኗት? አንዲቷ ወደ እኔ መጥታ፣ ለታጨች ሴት ኢዳ አለባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቀመጠውን ጊዜ ማለቷ ነው። የማውቀውን ነገርኳት። ኒካህ ካልታሰረ ኢዳ የለም።

ሉባባም ይህን ከእኔ መስማት አለባት ብዬ፣ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ጠርቻት ከቤቱ ጀርባ ቆምን።

«እውነቱን ማወቅ አለብሽ» አልኳት። «ጋሽ ይመር ሽማግሌ የላኩብሽ ለልጄ ብለው ነው። ሰው እሷን ትቶ እሳቸውን እንዲያይ።»

«ይሄን ለመናገር ነው እንዲህ ያላበህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ልጅህ ስንት ጊዜ ጓዳዬ ገብታ አልቅሳለች። ሰውዬውም እኔ ቤት ሻይ ይጠጣሉ። ጢማቸውን አቅልተው ሲመጡ ያልገባው ያንተ ዓይነቱ ሰው ብቻ ነው።» ሻሿን አጠበቀች። «እምቢ ብላቸው ወሬው ከአንድ ገበያ አያልፍም ነበር። ልጅቱ የሚያስፈልጋት የወራት ወሬ ነው። እሺ አልኩ።»

ቀለል አለኝ። በሴትዮዋ ላይ በደል የተሠራ መስሎኝ ከርሜ ነበር።

«እንግዲያው የእውነት አልነበረም» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ። በሕጉም ኢዳ የለብሽም። ነገ ሻይ ቤትሽን መክፈት ትችያለሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ አብጠው እንደነበር ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«ሁሴን፣ ብዙ አንብበሃል» አለችኝ። «አሁን ሂድና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥ።»

ሻይ ቤቱ በማግስቱም አልተከፈተም፤ ከዚያም በኋላ። ሀያት ልጇን አዝላ ምግብ ታደርስላታለች፤ ቆይታም ትመለሳለች። ሰሞኑን በመናኸሪያው ሳልፍ አንድ የሩቅ አገር ሹፌር የሻይ ቤቱን በር ሲያንኳኳ አገኘሁት።

«አባት፣ የዚህ ቤት ሴትዮ የት ሄዳ ነው?» አለኝ።

«ባሏ ሞቶባት ኢዳ ላይ ናት» አልኩት።